ጊደሯ ትቆይ፤ ጥጃዋ ግን አትቆይም

ጥያቄ፦ «ሱሉልታ አካባቢ አምስት የወተት ላሞች አሉኝ። የስምንት ወር ጊደሬ ቀንዷ እየረዘመ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ገበታ ላይ ተጋፍታ የምታለበዋን ላም ጡቷን ወግታ አቆሰለችብኝ። ሰፈራችን ውስጥ በብረት መጋዝ ቀንድ የሚቆርጥ ሰው አለ፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም ይላል። ኢንተርኔት ላይም በውጭ አገር የእርባታ አጋዘን ቀንዱ ገና እያደገ ሳለ በመጋዝ ሲቆረጥ ዝም ብሎ ቆሞ አይቻለሁ። ታዲያ አሁን፣ በሰኔ፣ ባስቆርጣት ምን ትሆናለች? የሦስት ሳምንት ጥጃም አለችኝ፤ እሷ ገና ስለሆነች ሌላ ጊዜ አስብበታለሁ።»

መልስ፦

እህቴ፣ ከጥያቄዎ ጭራ ልነሳ። እንደ ዋዛ ጣል ያደረጓት የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት ከሁሉም የምታስቸኩለው። «ገና ናት» ያሏትን ጥጃ በዚህ ሳምንት፣ ቢዘገይ በሚቀጥለው፣ ሐኪም ሊያያት ይገባል። ስለ ጊደሯ ግን አይቸኩሉ። ክረምቱ ይውጣላት፣ ጭቃው ይድረቅ። በሰኔ በመጋዝ እንዲያስቆርጧት ፈጽሞ አልመክርም፤ ምክንያቱን ላስረዳዎት።

ጥጃ ስትወለድ ቀንዷ ከራስ ቅሏ ጋር አልተያያዘም። ቀንዱን የሚያበቅለው በራሷ ግራና ቀኝ ያለችው ትንሽ የቆዳ ክብ ናት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት እዚያ ላይ ያለችውን የቀንድ ጉጥ በጣትዎ ቢነኳት ከቆዳው ጋር ወዲያ ወዲህ ትላለች። በዚህ ጊዜ ያቺን የቆዳ ክብ ብቻ ማጥፋት ቀንዱን ጨርሶ ማስቀረት ነው፤ አጥንት አይነካም፣ ደምም እምብዛም አይታይም። ሁለት ወር ገደማ ሲሞላት ጉጧ ከራስ ቅሉ ጋር ትጣበቃለች፤ ከዚያ በኋላ በቀንዱ ውስጥ አጥንት እያደገ ይሄዳል። ከስድስት እስከ ስምንት ወር ባለው ጊዜ ደግሞ በግንባር አጥንት ውስጥ ያለው የአየር ክፍተት፣ ሳይነስ የምንለው፣ እየሰፋ ወደ ቀንዱ አጥንት ይዘልቃል።

የእርስዎ ጊደር አሁን እዚህ ላይ ደርሳለች። ቀንዷን ከሥሩ የሚቆርጥ ሰው ጥፍር እየቆረጠ አይደለም፤ የራስ ቅሏን እየከፈተ ነው። ከተቆረጠ በኋላ ከላይ ቢመለከቱት ወደ ግንባሯ የሚወርድ ቀዳዳ ያያሉ። በዚያ ቀዳዳ የሰኔና የሐምሌ ዝናብ ይገባል፣ የድርቆሽ ብናኝ ይገባል፣ ዝንብ ገብቶ እንቁላሉን ይጥላል። ቁስሉ እስኪዘጋ ሳምንታት ይፈልጋል፤ የሱሉልታን ክረምት ለሚያውቅ ሰው በእነዚያ ሳምንታት አንዲት ጊደር ራሷን ደረቅ አድርጋ ማሳለፍ እንደማትችል ግልጽ ነው።

ቪዲዮውን በተመለከተ፣ እንዲህ ያለው ሥራ በስፋት የሚሠራው ኒውዚላንድ ውስጥ ነው። እዚያ የሚረባው አጋዘን እኛ ባሌ ተራሮች ላይ ከምናውቀው የደጋ አጋዘን ይለያል። የደጋ አጋዘን ቀንድ እንደ ከብት ቀንድ ዕድሜ ልክ አብሮት ይኖራል። የኒውዚላንዱ ቀንድ ግን በየዓመቱ ወድቆ እንደገና የሚበቅል፣ በራሱ አጥንት የሆነ ነገር ነው። በሚያድግበት ወቅት ለስላሳ ጠጉር ባለው ቆዳ ይሸፈናል፤ ቆዳው በደም ሥርና በነርቭ የተሞላ ነው፤ በቀን እስከ 2 ሳንቲ ሜትር የሚያድግበት ጊዜ አለ። አርቢዎቹ ማደግ ከጀመረ ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው ይቆርጡታል፤ ኮሪያና ቻይና ለባህላዊ መድኃኒት ይገዙታል። የሚቆረጠውም ከራስ ቅሉ ከፍ ብሎ ስለሆነ ሳይነስ አይከፈትም።

አጋዘኑ ዝም ብሎ የቆመው ግን ቀንዱ ሕመም ስለማያውቅ አይደለም። መጋዙ ከመነሳቱ በፊት በቀንዱ ዙሪያ ማደንዘዣ ተወግቷል፤ እስኪሠራ ተጠብቋል፤ መደንዘዙ ተፈትሿል። ብዙ ጊዜም ደም እንዳይፈስ ሥሩ በላስቲክ ይታሰራል። በኒውዚላንድ ሕግ ይህን ማድረግ የሚችለው የእንስሳት ሐኪም ወይም በሐኪም ቁጥጥር ሥር ሠልጥኖ የተፈቀደለት አርቢ ብቻ ነው። ብሪታንያማ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ በእድገት ላይ ያለ የአጋዘን ቀንድ መቁረጥን፣ ለሕክምና ካልሆነ በቀር፣ ከልክላለች። ለአጋዘኑ ከሚደነዘዙት ነርቮች አንዱ ለጥጃም የምናደነዝዘው ያው ነርቭ ነው። ከቪዲዮው የሚወሰድ ትምህርት ካለ ይህ ነው፤ መጋዙን ሳይሆን መርፌውን ይውሰዱ።

አሁን ወደ ጥጃዋ። በሦስት ሳምንት ዕድሜዋ ትክክለኛው መንገድ መተኮስ ነው። መተኮሻው ጫፉ ክብ፣ መሐሉ ጎድጓዳ የሆነ ብረት ነው፤ በኤሌክትሪክ ወይም በጋዝ የሚሞቅ አለ፣ ቀጥቃጭ ሠርቶት በከሰል የሚግልም አለ። ቀጥቃጭ የሠራው ከሆነ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው እሳት ላይ ይቆይ። ለብ ያለ ብረት ረጅም ጊዜ መያዝ ይፈልጋል፤ ጉዳት የሚያመጣውም ያ ረጅም ጊዜ ነው። በደንብ የቀላ ብረት ለአንድ ጉጥ አሥር ሰኮንድ ገደማ ይበቃዋል። ብረቱ በጉጧ ዙሪያ ተቀምጦ ቀስ እያለ ይዞራል፤ ሲነሳ ዙሪያውን ያልተቋረጠ የመዳብ መልክ ያለው ቀለበት መታየት አለበት። ቀለበቱ የሆነ ቦታ ላይ ከተቋረጠ ከዚያ በኩል ጠማማ ቀንድ ይወጣል፤ ዓይን ውስጥ እስኪገባ የሚጎብጥ ሁሉ አለ። ከሃያ ሰኮንድ በላይ መያዝ ደግሞ ሙቀቱን ወደ ራስ ቅሉ ያስገባል። ፍየል ካለዎት ይህን በግልገል ላይ እንዳይሞክሩ፤ የግልገል ራስ ቅል ስስ ስለሆነ አንጎል ይጎዳል።

ከብረቱ በፊት ማደንዘዣው ይቀድማል፤ እዚህ ላይ ጠበቅ እንዲሉ እለምንዎታለሁ። ብዙ ቦታ ጥጃ እግሯ ታስሮ፣ ሁለት ሰው ተጭኗት፣ እየጮኸች ትተኮሳለች፤ «ወዲያው ይለቃታል» ይባላል። አይለቃትም። ያለ ማደንዘዣ የተተኮሰች ጥጃ ከዚያ በኋላ ለሰዓታት ራሷን ስትነቀንቅ፣ ጆሮዋን ስታርገበግብ፣ በኋላ እግሯ ቁስሉን ለማከክ ስትሞክር ያዩዋታል።

ሐኪሙ የሚያደርገውን እነግርዎታለሁ፤ ራስዎ እንዲወጉ ሳይሆን ሲሠራ እንዲያውቁት፣ ካልተሠራም እንዲጠይቁ ነው። ከዓይኗ የውጭ ጥግ ተነስቶ ወደ ቀንዱ ሥር የሚሄድ ሹል የአጥንት ጠርዝ አለ፤ በጣት ይዳሰሳል። ነርቩ የሚያልፈው በዚያ ጠርዝ ሥር ነው። በዓይኑና በጉጧ መካከል፣ ከጠርዙ ዝቅ ብሎ፣ ሊዶኬይን የተባለው ማደንዘዣ፣ 2 በመቶ የሆነው፣ በየጎኑ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ይወጋል። መርፌው ደም ሥር ውስጥ አለመግባቱን ለማወቅ ሐኪሙ መጀመሪያ ወደ ኋላ ይስባል። 40 ኪሎ ለምትመዝን ጥጃ የሁለቱ ጎን ድምር ከ10 ሚሊ ሊትር ማለፍ የለበትም፤ ሊዶኬይን ሲበዛ ያንቀጠቅጣል፣ ልብንም ይጎዳል። ከዚያ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ይጠበቃል። ብዙውን ጊዜ የላይኛው የዓይን ቆብ ወደቅ ሲል ይታያል። ከዚያም በጉጧ ዙሪያ በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ ተደርጋ ካልደነገጠች ብቻ ብረቱ ይነሳል። ቸኩሎ ወግቶ ወዲያው የሚተኩስ ሐኪም ማደንዘዣውን በከንቱ ፈሰስ አድርጎታል፤ «እንጠብቅ» ቢሉት መብትዎ ነው።

ሊዶኬይን ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይሠራና ይለቃል። ቃጠሎው ግን ከዚያ በኋላም ያማል። ስለዚህ ሌላ፣ ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆይ የሕመም ማስታገሻ አብሮ መሰጠት አለበት። እኔ የምመርጠው ሜሎክሲካም ነው፤ በኪሎ 0.5 ሚሊ ግራም፣ አንድ ጊዜ፣ ከመተኮሱ በፊት፤ ማግሥቱንም ይሸፍንላታል።

ሜሎክሲካም መድኃኒት ቤት ውስጥ ስለሌለ «ሌላው ማስታገሻ፣ ዳይክሎፌናክ፣ ይሁን» ቢሉዎት አይቀበሉ። ይህን የምለው ለጥጃዋ ብቻ አይደለም። በዳይክሎፌናክ የታከመ ከብት ብዙም ሳይቆይ ሞቶ ሜዳ ላይ ሲጣል የበላው ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ ተበላሽቶ ይሞታል። ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል እ.ኤ.አ. በ2006 ለእንስሳት እንዳይሰጥ የከለከሉት ጥንብ አንሶቻቸው በዚህ ምክንያት ካለቁባቸው በኋላ ነው። በእኛ አካባቢ የሞተ ከብት አሁንም ሜዳ ላይ ይጣላል፤ የሚያጸዱልን እነዚህ አሞሮች ናቸው። ኬቶፕሮፌን የሚባለው ማስታገሻም ለእነሱ መርዝ ነው። ሜሎክሲካም ግን አይጎዳቸውም።

ከተተኮሰች በኋላ ቁስሉ ደረቅ ሆኖ ይቆይ። ቅርፊቱን አይላጡት፣ ቅቤ አይቀቡት። እበትና ዓመድ ከቶ አይነካው፤ በተለይ ግቢዎ ውስጥ የጋሪ ፈረስ የሚያድር ከሆነ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ተሐዋሲ በፈረስ ፋንድያና በአፈር ውስጥ ስለሚኖር። ለዝንብ ብለው የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚያፈሱም አሉ፤ ሥጋውን ያቃጥላል፣ በቆዳም ይገባል። ዝንብ የሚያባርር የቁስል ስፕሬይ ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ይገኛል። ሙሉ በሙሉ እስኪድን ስድስት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈጃል፤ በዝናብ ጊዜ ጣሪያ ሥር ትሁን። በዚያው ዕለት አይክተቧት፣ ጡትም አያስጥሏት፤ አንድ መከራ በአንድ ጊዜ ይበቃታል። ወተቷን እንደ ልማዷ ትጠጣ።

ጊደሯን በተመለከተ መጀመሪያ የምጠይቅዎት መቆረጧ የግድ ነው ወይ የሚለውን ነው። ከጻፉት እንደምረዳው የወጋችው ገበታ ላይ ነው። ከብት አብዛኛውን ጊዜ የሚዋጋው መኖ ላይ ሲጣበብ ነው። ግርግሙ ለአንድ ላም ቢያንስ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ቦታ የማይሰጥ ከሆነ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ ሲቀርብ ቀንድ ያላት ሁልጊዜ ታሸንፋለች፤ የምትሸነፈው ደግሞ የምትታለብልዎት ናት። ከነገ ጀምሮ ጊደሯን ለብቻዋ አስረው ይመግቧት። ይህ ብቻውን ግማሹን ችግር ሊፈታ ይችላል።

ሁለተኛው ነገር ቀንዱን ከሥሩ መቁረጥ ሳይሆን ጫፉን ማዶልዶም ነው። የቀንዱ ጫፍ ደምና ነርቭ የለውም። ቀንዷን በመዳፍዎ ከሥር እስከ ጫፍ ይዳስሱት፤ ሥሩ ይሞቃል፣ ደም አለበት፤ ወደ ጫፉ ሲሄዱ ይቀዘቅዛል። ከቀዝቃዛው ጫፍ አንድ ወይም አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር ብቻ ጥርሱ ደቃቅ በሆነ መጋዝ ተወስዶ በሞረድ ይስተካከል። ደም ካዩ ወይም ራሷን ከነጠቀች አልፈዋል ማለት ነው፤ ያቁሙ። የዶለዶመ ቀንድ መግፋቱን አይተውም፣ ጎንን ሊያቆስል ይችላል፤ ጡት መብሳቱን ግን ይቀንሳል። ይህን አሁን በሰኔም ማድረግ ይቻላል፣ ምክንያቱም ቁስል አይፈጥርም። ያ መጋዝ ያለው የሰፈርዎ ሰው እዚህ ላይ ሊረዳዎት ይችላል፤ ከዚህ አንድ ጣት እንኳ ወደ ሥር እንዲወርድ ግን አይፍቀዱለት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ መውጋቷን ካልተወች በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ሐኪም ይቁረጥላት። ወሩን በከንቱ አልመረጥኩትም። ዝናቡ ቆሟል፣ ብርዱ ዝንቡን አሳንሷል፣ እሷም የአሥራ ሦስት ወር ገደማ ሆናለች፤ ገና አልተዳቀለችም። ይህ የመጨረሻው ጉልህ ነው። ከብትን ለማረጋጋት የሚሰጠው ዛይላዚን ማሕፀንን ያኮማትራል፤ በእርግዝና መጨረሻ ወራት ማስወረድ ይችላል። ስለዚህ ወይ ከማዳቀልዎ በፊት፣ ወይ ከናካቴው ይቅር። በአምስት ወር ውስጥ ቀንዱ እንደሚወፍር አውቃለሁ፤ ቁስሉም በዚያው መጠን ይሰፋል። ይህ እውነተኛ ጉዳት ነው፣ አልሸሽገውም። የኅዳር ሰፊ ቁስል ግን ከሰኔ ጠባብ ቁስል ይሻላል፤ ሳይነሷ አንዴ ክረምት ውስጥ ከመገለ ወራት ሙሉ ከእርሷ ጋር ሲታገሉ ይኖራሉ።

ያን ቀን ሐኪሙ በየጎኑ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ሊዶኬይን ይወጋል፤ ቀንዱ ትልቅ ስለሆነ በስተኋላው በኩልም መጨመር አለበት፣ ከአንገት የሚመጡ ነርቮች ወደዚያ ስለሚደርሱ። ዛይላዚን ብቻውን አይበቃም፤ ያስተኛታል እንጂ ሕመሙን በሚፈለገው መጠን አያጠፋውም። ከፈረስ እጅግ ያነሰ፣ አንድ አሥረኛ ያህል፣ መጠን ነው ለከብት የሚበቃው፤ ይህን ያላወቀ ሰው ሊገድላት ይችላል። ከተጋደመችም ሆዷ እንዳይነፋ በደረቷ ትቀመጥ። መቁረጡ በሽቦ መጋዝ ይሁን፤ ሽቦው ሲፋተግ ስለሚግል የደም ሥሮቹን በከፊል ይዘጋል። በቀንዱ ሥር ያለው ደም ሥር ሲቆረጥ ደሙ ተስፈንጥሮ ሊወጣ ይችላል፤ ሐኪሙ በመቆንጠጫ ይዞ ይጠመዝዘዋል ወይም ይተኩሰዋል። ቀዳዳው በንጹሕ የቁስል ጨርቅ ተሸፍኖ ይታሰራል፤ መሸፈኛው እንደታዘዘው በየጊዜው ይቀየራል። ያን ሰሞን ድርቆሽ ከራሷ በላይ ካለ ማስቀመጫ አይስጧት፤ መሬት ላይ፣ ትንሽ ውኃ ተረጭቶበት ይሁን።

የላስቲክ ቀለበት አስረው ቀንዱ እንዲወድቅ የሚመክሩም ያጋጥምዎታል። አይስማሙ። ቀንዱ ለሳምንታት እየታመመ ይቆያል፣ ላስቲኩ ይበጠሳል፣ ለመንጋጋ ቆልፍም በር ይከፍታል።

ከተቆረጠች በኋላ ከአንድ ወገን አፍንጫዋ የሚሸት ፈሳሽ ከወጣ፣ ራሷን ወደ አንድ ጎን ካዘነበለች፣ ትኩሳት ከያዛት ወይም መብላት ካቆመች፣ ይህ ቁስሉ የዳነ ከመሰለ ከሳምንታት በኋላ ቢሆንም፣ ሳይነሷ መግሏል ማለት ነው። ቀንዱ የነበረበት ከደረቀ በኋላ ስለሚሆን ብዙ ሰው ጉንፋን ነው ብሎ ያልፈዋል። ያን ጊዜ ሐኪም ከፍቶ ማጠብ አለበት፤ አንቲባዮቲክ መርፌ ብቻውን አይደርስለትም። የአካባቢዎ ሐኪም ከከበደው ቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው።

ለሚቀጥሉት ጥጆችዎ ደግሞ ሌላ ምርጫ ልጨምርልዎ። በተወለደች በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ከአንድ ሳምንት ሳያልፍ፣ ቀንድ የሚያጠፋ ኬሚካል ቅባት በጉጧ ላይ በስሱ ይቀባል። ብረት አያስፈልገውም፤ ያማል ግን፣ ማደንዘዣና ማስታገሻ ለእሱም ይሰጠዋል። ዝናብ ካገኘው ወደ ዓይኗ ይወርዳል፤ እናቷን ከጠባች የእናቷን ጡት ያቃጥላል፤ ሌላ ጥጃ ከላሰው ምላሱን ያቃጥላል። ስለዚህ ለብቻዋ፣ ጣሪያ ሥር፣ በጡጦ ወይም በባልዲ ለሚያጠቡ ሰዎች ብቻ ነው የምመክረው፤ የሚቀባውም ጓንት ያድርግ። ለአሁኗ ጥጃዎ ዕድሜው አልፏል።

ከዚህ ሁሉ የሚገላግል መንገድም አለ። ቀንድ አልባነት በዘር የሚወረስና ቀንድ ላይ የሚያይል ባሕርይ ነው። ከአባትም ከእናትም ቀንድ አልባነትን የወረሰ የሆልስታይን ኮርማ ከቀንዳም ላም ጋር ሲዳቀል ልጆቹ በአብዛኛው ቀንድ አያበቅሉም፤ ከአንድ ወገን ብቻ ከወረሰ ግማሽ ያህሉ ያበቅላሉ። ላሞችዎ ከቦረና የተዳቀሉ ከሆኑ በአንዳንዱ ላይ ትንሽ ልል ጉጥ ሊወጣ ይችላል፤ ከራስ ቅሉ ጋር ስላልተያያዘ እንደ ቀንድ አያስቸግርም። አዳቃይዎ ሲመጣ የኮርማውን ቁጥር ብቻ አይመዝግቡ፤ ቀንድ አልባ ዘር ከቃሊቲው የማዳቀያ ማዕከል ወይም ከውጭ ከሚያስመጡት ማግኘት ይችል እንደሆነ ይጠይቁት። ያቺ ጡቷ የተወጋው ላም ስትድን ምናልባት የመጀመሪያዋ ልትሆን ትችላለች። እስከዚያው ቁስሉ ጡት ጫፏ አጠገብ ከሆነና ወተቷ ከረጋ ወይም ደም ከቀላቀለ፣ ጥጃዋን ሊተኩስ የሚመጣው ሐኪም በዚያው እሷንም ይያት።